ይበሰብሳል የተባለው ፌስታል የት ነው የሚበሰብሰው?

ሦስት ዓመት አፈር ውስጥ ተቀብሮ የወጣ ፌስታል ጭቃው ሲራገፍለት እንደገና አስቤዛ ይሸከማል። ያውም ሲሸጥ «በስባሽ» ተብሎ ነበር።

ይህ የታየው በእንግሊዟ የወደብ ከተማ በፕሊመዝ ነው። የዚያው ከተማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኢሞጀን ናፐርና ሪቻርድ ቶምሰን ከሱቅ የሚገኙ አምስት ዓይነት ፌስታሎችን ወስደው ከፊሉን አፈር ውስጥ ቀበሩ፣ ከፊሉን ባሕር ውስጥ አስጠለቁ፣ ከፊሉን ለፀሐይና ለነፋስ ሰጡ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2019 አሳተሙ። በአየር ላይ የቆዩት ሁሉም በ9 ወር ውስጥ ተበጣጥሰው ነበር። ከአፈርና ከባሕር የወጡት በስባሽ የተባሉት ግን ከተራው ፌስታል ጋር እኩል ዕቃ ያዙ። ለብስባሽ ማዳበሪያ ይሆናል የተባለው ብቻ ባሕር ውስጥ በ3 ወር ከዓይን ጠፋ። አፈር ውስጥ ግን ከ27 ወር በኋላም ነበረ፤ ዕቃ ሲገባበት ተቀደደ እንጂ።

በስባሽ የተባለው ታዲያ ለምን አፈር ውስጥ ሳይበሰብስ ይቀራል? ፕላስቲክ እንደ ረጅም ሰንሰለት ነው። ተሐዋስያን ሊበሉት የሚችሉት መጀመሪያ ሰንሰለቱ ሲቆራረጥላቸው ነው። ከበቆሎ ስኳር የሚሠራውን ፒኤልኤ የተባለ ፕላስቲክ የሚቆራርጠው ውኃ ነው፤ ውኃው ግን ሙቀት ይሻል። የአውሮፓ የብስባሽነት መለኪያ ፈተናም የሚካሄደው 58 ዲግሪ ገደማ በሚሞቅ ክምር ውስጥ ነው፤ በ6 ወር ውስጥ 90 በመቶው ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መለወጥ አለበት። እንዲህ ያለ ሙቀት በሜዳ አፈር ውስጥ የለም።

የባሰው «ኦክሶ» የሚባለው ነው። ተራው ፕላስቲክ ራሱ ሆኖ ቶሎ እንዲሰባበር የብረታ ብረት ጨው ተጨምሮበታል። ፀሐይ ሲያገኘው ይደቃል፤ መድቀቅ ግን መበስበስ አይደለም። ብናኙ አፈር ውስጥ ይቀራል፣ ዓሣም ይውጠዋል። ለዚህም ነው የአውሮፓ ኅብረት ከሐምሌ 2021 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከገበያ ያገደው፤ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር እላለሁ።

የእኛም አገር በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 513 አንድ ፌስታል በስባሽ መሆን አለመሆኑ እንዲጻፍበት አዝዞ ነበር። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ፌስታልን ራሱን ከለከለ። አሁን ነጋዴው ምትክ ይፈልጋል፤ «በስባሽ ነው» የሚል ቃልም አብሮ ይመጣል። ገዢው አንድ ጥያቄ ይጨምርበት፤ የት? ከጉሊት ቲማቲም የያዝንበት ፌስታል ብዙ ጊዜ የሚያርፈው 58 ዲግሪ የሞቀ ክምር ላይ ሳይሆን ቱቦ ውስጥ፣ ወንዝ ዳር፣ ሲብስም በላም ሆድ ውስጥ ነው።