ፎሙ ለጣሪያ፣ ሜምብሬኑ ለመሠረት፦ መጋዘን ልትሠሩ ላሰባችሁ



የዛሬው ጽሑፍ የዋጋ ሰንጠረዥ አይደለም፤ ዞሮ ዞሮ ግን መድረሻው ዋጋ ነው። ሰሞኑን ከሸዋ ሮቢት አካባቢ ተመሳሳይ ጥያቄ ደጋግሞ ደርሶኛል፦ «መጋዘን ልንሠራ ነው። ኮንትራክተሩ መሠረቱን ውሃ መከላከያ ሜምብሬን አልብሰን በላዩ ስፕሬይ ፎም እንርጭበት ይላል። ያዋጣል ወይ?» እኔ መሐንዲስ ሳልሆን ደላላ ነኝ። ግን በእርጥበት የከሰርኩ ደላላ ስለሆንኩ ጠይቄም አይቼም ያወቅሁትን ላካፍላችሁ።

መጀመሪያ የራሴን ልንገራችሁ። አንድ ዓመት ዋጋው ይነሳል ብዬ 400 ኩንታል ማሾ ከኅዳር እስከ ነሐሴ በኪራይ መጋዘን አቆየሁ። ዋጋው እንዳልኩት ተነሳ። ምን ዋጋ አለው! ድርድሩ 10 ረድፍ ነበር፤ የታችኛው ረድፍ ሲነሳ 40ው ኩንታል ታፍኖ ሸትቷል፣ ቀለሙም ሄዷል። ጣሪያው አላፈሰሰም፤ ጎርፍም አልገባም። ለካ ወለሉ በቀጥታ ጥቁር አፈር ላይ የፈሰሰ ሊሾ ኖሯል። ውሃው ከታች ነው የወጣው።

ይህ የይፋት ቆላ መጋዘን ሁሉ ፈተና ነው። ጥቁሩ አፈራችን በክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ወለሉንም አብሮ ይሰነጥቀዋል። አርማታ ደግሞ ለዓይን ድፍን ቢመስልም ውስጡ ቀጫጭን ቀዳዳ ነው፤ ፋኖስ ውስጥ ያለ ክር ጋዝ እንደሚስበው ሁሉ እርጥበትን ከመሬት ወደ ላይ ይስባል።

«እርጥበት ከገባ ክብደት ይጨምራል አይደል?» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፤ 12 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኩንታል ማሾ ወደ 15 በመቶ ቢወጣ ሚዛኑ ላይ 103 ኩንታል ተኩል ገደማ ይሆናል። ግን በዚያ እርጥበት ሻጋታው ይነሳል፣ ነቀዙም ይፋፋል። ገዢው መለኪያውን ሰክቶ ሲያየው ወይ ይመልሰዋል ወይ ዋጋ ይቆርጣል። አድርቄ እሸጣለሁ ካላችሁም ትርፍ የመሰለው ክብደት ተመልሶ ይሄዳል፤ የተበላሸው ፍሬ ግን አይመለስም። ቡና የምትይዙም ብትሆኑ፣ የዓለም አቀፉ ቡና ድርጅት ለኤክስፖርት ቡና የሚመክረው የእርጥበት ጣሪያ 12.5 በመቶ መሆኑን አትርሱ።

አሁን ወደ ጥያቄው እንግባ።

1. ሜምብሬንና ፎም ሥራቸው አንድ አይደለም።
ሜምብሬን ውሃን ይከለክላል። ስፕሬይ ፎም ደግሞ ሁለት ፈሳሾች መርጫው ጫፍ ላይ ተቀላቅለው የሚያብጡት ነገር ሲሆን ዋና ሥራው ሙቀትና ቅዝቃዜ እንዳይተላለፍ መከላከል ነው። ክፍት ቀዳዳ ያለው ዓይነት ውሃ ይመጣል፤ ድፍኑ ዓይነት በጣም ይሻላል፣ እሱም ቢሆን የሜምብሬንን ቦታ አይተካም።

2. በብርድ አገር መሠረት ላይ ፎም የሚለብሰው ቤት ስለሚሞቅ ነው።
እዚያ መሬቱ በረዶ ይሠራል፣ የማሞቂያ ወጪም ያቃጥላል። ሸዋ ሮቢት ግን 1,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቆላ ናት። ቀን ላይ ከአየሩ ይልቅ መሬቱ ቀዝቀዝ ይላል፤ ያ ቅዝቃዜ ለእህላችን ወዳጅ ነው። ገንዘብ ከፍላችሁ ለምን ትከልሉታላችሁ?

3. ምስጥ አለ።
ምስጥ ፎም ምግቡ ባይሆንም እየቦረቦረ መንገድ ይሠራበታል። ከመሬት በታች ከሆነ ደግሞ ቀድማችሁ አታዩትም፤ የምታውቁት የጣሪያው እንጨት ወይም ፓሌቱ ሲበላ ነው።

4. የግድ ሁለቱም ይሁን ከተባለ ቅደም ተከተሉ አይዛባ።
መጀመሪያ ሜምብሬኑ ደረቅና ንጹሕ ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፣ ይፈተሻል። ፎሙ ከዚያ በላዩ ይረጫል፣ በመጨረሻ አፈር ከመመለሱ በፊት መከላከያ ሰሌዳ ይደረጋል። ተገላቢጦሽ ከሆነ አደጋ ነው፤ በእሳት የሚለጠፍ ሜምብሬን ፎም ላይ ማቅለጥ ማለት እሳት መጋበዝ ነው።

ታዲያ ገንዘቡ የት ይዋል? በእኔ ምክር በዚህ ቅደም ተከተል፦

ሀ. ከወለል በታች። ጥቁሩ አፈር ተቆርጦ ይውጣ፣ የተመረጠ አፈርና ድንጋይ ይግባ፣ ድንጋዩ ላስቲኩን እንዳይበሳው ቀጭን አሸዋ ይልበስ። ከዚያ ቢያንስ 250 ማይክሮን ውፍረት ያለው ላስቲክ ይዘርጋ። መጋጠሚያው 30 ሳንቲ ሜትር ይደራረብ፣ ይለጠፍ፣ ዳሩም ግድግዳው ላይ ይታጠፍ። አርማታው ከዚህ በኋላ ነው። ሠራተኛ ላስቲኩን በአካፋ እንዳይቀድ ቁማችሁ አሠሩ።

ለ. የመሠረቱ ውጭ። ግድግዳው ተለስኖ ሬንጅ ወይም ሜምብሬን ይልበስ፣ ዙሪያውን ተዳፋት ሊሾና ቦይ ይሠራለት። ከደጋው አፋፍ የሚወርደውን ጎርፍ ሜምብሬን ብቻውን አይችለውም።

ሐ. ጣሪያ። ስፕሬይ ፎም ቦታው እዚህ ነው። ቆርቆሮ ቀን ይግላል፣ ሌሊት ይቀዘቅዛል፤ የመጋዘኑ እርጥብ አየር ሲነካው ላብ ሆኖ ከረጢት ላይ ይንጠባጠባል። ከቆርቆሮው ሥር የተረጨ ድፍን ፎም ይህን ይቀንሳል። ግን ፎም ይቀጣጠላል፣ ጭሱም መርዛማ ነው፤ እሳት የሚከላከል ሽፋን ይደረግበት። ሲረጭ እህልም ሰውም ውስጥ አይኑር። በተለይ ቡና ሽታ ይስባል፤ የፎሙም የሬንጁም ሽታ ሙሉ በሙሉ ሳይለቅ አታስገቡ።

ተሠርቶ ያለቀ መጋዘን ለምትከራዩ ደግሞ ቀላል ፈተና አለ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ላስቲክ ወለሉ ላይ አንጥፋችሁ አራቱንም ጎን በፕላስተር አጣብቁ፣ በማግስቱ እዩት። ጠብታው ከላስቲኩ ሥር ከሆነ ውሃው ከመሬት እየመጣ ነው። ከላዩ ከሆነ ከአየር ነው፤ የአየር መግቢያና ጣሪያውን ተመልከቱ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት፣ ቢቻል በክረምት ሞክሩት። እኔ ይቺን የአንድ ሌሊት ፈተና ባውቅ ኖሮ 40 ኩንታሌ በተረፈ።

ወለሉ እርጥብ ሆኖ አማራጭ ካጣችሁ ፓሌት ሳትደረድሩ፣ ከግድግዳም አንድ ሜትር ሳትርቁ አታከማቹ። ብዙ ወር የሚቆየውን ደግሞ በደንብ አድርቃችሁ አየር በማያስገባ ከረጢት አስቀምጡ። እርጥብ እህል በዚያ ከረጢት ማሰር ግን ሻጋታን ማሸግ ነው።

ለማኅበራት አንድ ነገር ልጨምር። የሥራ ዝርዝሩ ላይ «ውሃ መከላከያ» ተብሎ በደፈናው ከተጻፈ አትፈርሙ። የላስቲኩ ውፍረት፣ የመደራረቡ ስፋት፣ የሜምብሬኑ ዓይነት ይጻፍ። አርማታ ከፈሰሰ በኋላ ሥሩ ምን እንዳለ የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ከመፍሰሱ በፊት የራሳችሁ ሰው አይቶ ፎቶ ያንሳ።

ዋጋ ጠብቆ መሸጥ ጥሩ ነው። ግን ዋጋ መጠበቅ የሚችለው እህሉ ሲጠበቅ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል!

ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ መጋዘን ለሚሠራ ወዳጃችሁም አጋሩት። መልካም ገበያ!