ብረት የተደረገለት አጥንት ምን ይሠራል?

እግሩ ተሰብሮ ብረት የተደረገለት ሰው፣ ከዚያ ወዲያ ክብደቱን የሚሸከምለት ብረቱ ይመስለዋል። ብረት ግን ራሱን አይጠግንም፤ አጥንቱ ካልገጠመ ብረቱ ከእርምጃ ብዛት ደክሞ ይሰበራል። ዘላቂውን ሥራ የሚሠራው በዙሪያው ያለው ሕያው አጥንት ነው።

አጥንት ዕድሜ ልኩን ሲፈርስና ሲገነባ ይኖራል። አንዱ ዓይነት ሴል ያረጀውን ያሟሟል፤ ሌላው በቦታው አዲስ ይሠራል። ማሟሟቱ 3 ሳምንት ገደማ፣ መልሶ መገንባቱ ግን ከ3 እስከ 4 ወር ይፈጃል። የት መፍረስ፣ የት መጠናከር እንዳለበት የሚጠቁሙት በአጥንቱ ውስጥ የተቀበሩ፣ ጫና የሚሰማቸው ሴሎች ናቸው። ጀርመናዊው ሐኪም ዩሊየስ ቮልፍ እ.ኤ.አ. በ1892 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ጠባይ አስረድቷል፤ ብዙ የሚሸከም አጥንት ይጠነክራል፣ ሥራ የፈታ ይሳሳል።

ሕያው አጥንት ከብረት ጋር ሊዋሐድም ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ስዊድናዊው ተመራማሪ ፔር ኢንግቫር ብሮነማርክ በጥንቸል መቅኔ ውስጥ ያለውን የደም ዝውውር ለማየት ቲታኒየም ከተባለ ብረት የተሠራ መሣሪያ አጥንቷ ላይ ተከለ። ጥናቱን ጨርሶ ሊያወጣው ሲሞክር አጥንቱ አልለቅም አለ። ቲታኒየም አየር ሲነካው ስስ የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ ሰውነት ይህን ሽፋን ባዕድ ብሎ አይገፋውም፤ አጥንትም እላዩ ላይ ያድጋል። ብሮነማርክ በ1965 በአንድ ታካሚ መንጋጋ ላይ የቲታኒየም የጥርስ ሥር ተከለ። የዛሬው የጥርስ ተከላ መነሻው ይኸው ነው።

ውሕደቱ ግን እርጋታ ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የተተከለው ብረት ከ0.15 ሚሊ ሜትር ገደማ በላይ ከተነቃነቀ፣ በአጥንት ፋንታ ለስላሳ ጠባሳ ይከበውና ይላላል።

ሌላው ችግር ቆይቶ ይመጣል። የማይዝግ ብረት ከአጥንት 10 እጥፍ ያህል ግትር ነው፤ ቲታኒየምም ቢሆን ቢያንስ 5 እጥፍ ይበልጠዋል። በሰው ሠራሽ የዳሌ መጋጠሚያ ላይ ጫናው ጭን አጥንት ውስጥ በገባው ግትር ዘንግ በኩል ወደ ታች ሲያልፍ፣ የጭን አጥንቱ ላይኛው ክፍል ሥራ ፈትቶ ይሳሳል። ከመጋጠሚያው ፕላስቲክ በፍትጊያ የሚወጣው ብናኝም የሰውነትን ተከላካይ ሴሎች ያስቆጣል፤ እነሱም አጥንት አሟሚዎቹን ይቀሰቅሳሉ። ለዚህ ነው መሐንዲሶች ግትርነታቸው የቀነሰ ቅይጦችን፣ አጥንት ዘልቆ የሚያድግባቸው ቀዳዳማ ገጾችንና ቶሎ የማያልቅ ፕላስቲክን የሚሠሩት።

ታካሚውም ድርሻ አለው። ሐኪሙ «አሁን አትርገጥ» ሲል ብረቱ ሳይነቃነቅ እንዲያዝ ነው፤ «አሁን ርገጥ» ሲል ደግሞ አጥንቱ ጫና አግኝቶ እንዲገነባ ነው። ሕመሙ ስለጠፋ ብቻ ቀድሞ መርገጥም፣ ፈርቶ ለወራት መተኛትም አጥንቱን ይጎዳዋል።