የምርጫ ቅስቀሳ በስልካችን ውስጥ፦ ከሰበታ እስከ ሱሉልታ



ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። በገበያቸውም በታክሲያቸውም ኦሮምኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይነገራሉ። ነዋሪው ግን የፖለቲካ ወሬ የሚሰማው እንደ ቋንቋው ከተለያየ ጣቢያና ገጽ ነው። አንድ ግቢ የሚጋሩ ሁለት ጎረቤታሞች ስለ አንድ ሰልፍ የተራራቀ ታሪክ ይዘው ሊያድሩ ይችላሉ። ቅስቀሳ በእነዚህ ከተሞች ምን እንደሚመስል ለመረዳት ከዚህ መነሳት ያስፈልጋል።

ከአጭር መልእክት እስከ ፌስቡክ

በ1997ቱ ምርጫ የፓርቲዎች የቴሌቪዥን ክርክር ሕዝቡን አነቃቅቶ ነበር፤ የተቃዋሚ ደጋፊዎችም በሞባይል አጭር መልእክት ይጠራሩ ነበር። ከምርጫው በኋላ አገልግሎቱ ተዘግቶ ከ2 ዓመት በላይ ቆየ። በ2004 የተጀመረው የሙስሊሙ «ድምፃችን ይሰማ» እንቅስቃሴ ደግሞ የጁምዓ መርሐ ግብሩን በፌስቡክ ገጹ ያስተላልፍ ነበር። በ2006 የአዲስ አበባና የዙሪያዋ የተቀናጀ ማስተር ፕላን እነዚህን ከተሞችም የሚነካ ሆኖ ሲመጣ፣ ተቃውሞው በፌስቡክና ከውጭ በሚተላለፉ የሳተላይት ጣቢያዎች ተዛመተ። በኅዳር 2008 ከጊንጪ ዳግም ተቀሰቀሰ፤ በጥር 2008 ዕቅዱ ተሰረዘ።

ሦስቱ መንገዶች

በሰኔ 14 ቀን 2013 ምርጫ ቅስቀሳው በሦስት መንገድ ይደርሰን ነበር። የመጀመሪያው ለፓርቲዎች በሕግ የተደለደለው የሬዲዮና የቴሌቪዥን ነፃ የአየር ሰዓት ነው። ሁለተኛው የፓርቲዎችና የዕጩዎች ገጾች ናቸው። ሦስተኛው ባለቤቱ የማይታወቅ፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍ መልእክት ነው። ኦፌኮና ኦነግ በምርጫው ስላልተወዳደሩ የደጋፊዎቻቸው ክርክር በዋናነት የተካሄደው ከአየር ሰዓቱ ውጭ ነበር።

ምርጫው 5 ቀን ሲቀረው ፌስቡክ በሐሰተኛ ስም የሚሠሩ በርካታ ገጾችን ማጥፋቱን ገለጸ። መረቡ ከኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት ኤጀንሲ ጋር ግንኙነት ካላቸው ግለሰቦች ጋር እንደሚያያዝ፣ ጽሑፎቹም ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚደግፉና ተቃዋሚዎችን የሚነቅፉ እንደነበሩ ኩባንያው አስታውቋል። ብዙ ሰው ተናገረ ማለት አንድ ቡድን በብዙ ስም ተናገረ ማለትም ሊሆን ይችላል።

ሦስተኛው መንገድ ለምን ያይላል?

መልእክቱ የሚደርሰን ከምናምነው ሰው ስለሆነ ነው፤ የአጎት ልጅ የላከውን ማን ይጠራጠራል? በዚያ ላይ ማኅበራዊ ሚዲያው ብዙ አስተያየትና ማጋራት ያገኘውን ጽሑፍ ወደ ፊት ያመጣዋል፤ ቁጣ ደግሞ ቶሎ ይጋራል። የፌስቡክ የቀድሞ ሠራተኛ ፍራንሲስ ሃውገን በ2014 መጀመሪያ ለአሜሪካ ሴኔት በሰጠችው ምስክርነት ኢትዮጵያን በስም ጠቅሳ ይህንኑ አደጋ አስጠንቅቃለች።

ዋጋውን ቡራዩ ታውቀዋለች። በመስከረም 2011 የባንዲራ ውዝግቡ በአዲስ አበባ ጎዳናዎችና በስልኮቻችን ላይ በጋለበት ሰሞን፣ በቡራዩና በአካባቢዋ የብዙ ሰው ሕይወት ጠፋ፤ ሺዎችም ከቤታቸው ተፈናቀሉ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አዋጅ ቁጥር 1185/2012 የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ይከለክላል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው ገጽ የተሰራጨ ሐሰተኛ መረጃ ቅጣቱ ይከብዳል። እኛ ግን ከአዋጁም በፊት የሱረቱል ሑጁራት 6ኛ አንቀጽ አለን፤ ሳናጣራ ሰዎችን ጎድተን እንዳንጸጸት ያስተምረናል። ስለዚህ፦

• ፎቶው መቼና የት እንደተነሣ ሳናውቅ አናጋራ።
• የኦሮምኛውን ዜና በአማርኛ፣ የአማርኛውንም በኦሮምኛ ከሚከታተል ጓደኛችን ጋር እናመሳክር።
• ድምፅ መስጫ ቦታንና ቀንን የሚመለከት ወሬ ከምርጫ ቦርድ ብቻ እንውሰድ።
• ለእረፍት ወደ ቤት ስንሄድ ይህንኑ ለወላጆቻችንና ለታናናሾቻችን እናሳያቸው።

ፓርቲ መምረጥ የየግላችን ነው፤ የጎረቤትን ደም መጠበቅ ግን የሁላችን አማና ነው። አላህ ያግራልን።