ሕፃን በተወለደ ጊዜ በክብር መዝገብ ስለ ማስጻፍ

በጋይንት፥ በስማዳና በእስቴ አገር አንዲትን እናት «ልጅሽ የተወለደው መቼ ነው?» ብሎ የጠየቀ ሰው መልስ አያጣም። «በሚካኤል ማግሥት፥ ዶሮ ሲጮኽ» ብላ ቀኑን ከነሰዓቱ ትነግረዋለች። «ለኅዳር ጽዮን ዋዜማ፥ እኽሉ በሚታጨድበት ሰሞን» የምትልም አለች። ዓመተ ምሕረቱን በጠየቃት ጊዜ ግን ነገሩ ይለወጣል። «ዘመኑ ዘመነ ዮሐንስ ነበረ» ትላለች፤ ጎረቤቷም «አይደለም፥ የእኔ በሬ በሞተበት ዓመት ነው» ብላ ትከራከራታለች። እንዲህ ሆኖ ቀኑ ሲታወቅ ዓመቱ ይጠፋል።

ዓመቱ ቢጠፋ ምን ይጎዳል የሚል ሰው ቢኖር የሚከተለውን ይቍጠር። ወንጌላውያን አራት ናቸውና ዘመነ ዮሐንስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል። 2000 ዓ.ም. ዘመነ ዮሐንስ ነበረ፤ 2004 ዓ.ም. እንዲሁ ዘመነ ዮሐንስ ነበረ። እንግዲህ በዘመነ ዮሐንስ ተወለደች የተባለች ልጅ በ2018 ዓ.ም. ዕድሜዋ 18 ነው ቢባል ይሆናል፤ 14 ነው ቢባልም ይሆናል። በሕግ ፊት ግን በ14 እና በ18 መካከል ያለው ርቀት ከጉና ራስ እስከ ዓባይ በረሃ ካለው ይልቅ የሰፋ ነው። የተሻሻለው የቤተ ሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም.፥ የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግም በ1995 ዓ.ም. ሲወጡ 18 ዓመት ያልሞላቸው ወንድና ሴት እንዳይጋቡ ከልክለዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣውም የወንጀል ሕግ ለጋብቻ ያልደረሰችን ልጅ ያገባ ሰው፥ ዕድሜዋ 13 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ እስከ 3 ዓመት፥ ከ13 በታች ከሆነ እስከ 7 ዓመት በሚደርስ እሥራት እንዲቀጣ ያዛል። ነገር ግን ዕድሜዋ በአፍ ብቻ የሚነገር ከሆነ ዳኛው በምን ይፈርዳል? የአባቷ ወገን 18 ሞልቷታል ይላል፤ አስተማሪዋ 14 ነው ይላል፤ ልጅቱ ራስዋ ግን አታውቀውም። ድግስ የደገሰ ሰው ዘመንን እንደ ወደደ ያስረዝማል።

እንዲህ ያለውን ክርክር የሚቈርጠው ልጅቱ በተወለደች ጊዜ፥ ገና ማንም ሰው በዕድሜዋ ሊጠቀም ሳያስብ የተጻፈ መዝገብ ነው። ይህ መዝገብ በሕጋችን የክብር መዝገብ ይባላል፤ የሚጽፈውም ሰው የክብር መዝገብ ሹም ይባላል። ስሙ ያማረ ነው፤ ሰው በመወለዱ፥ በማግባቱና በመሞቱ በአገሩ ሰዎች መካከል ያለውን ስፍራ የሚያስረዳ ነውና። በዛሬው አዋጅ ደግሞ ልደት፥ ጋብቻ፥ ፍቺና ሞት በአንድነት ወሳኝ ኩነት ተብለዋል።

ነገሩ በአገራችን አዲስ አሳብ አይደለም፤ ሥራው ዘግይቶ ነው እንጂ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ በብዙ አንቀጽ ደንግጎ ነበር፤ ዳሩ ግን በዚያው ሕግ መጨረሻ፥ ይህ ክፍል በነጋሪት ጋዜጣ በሚወጣ ትእዛዝ ሥራው እስኪጀመር ድረስ ይቆይ ተባለ፤ ቆየም። በከተማ ያለ ሰው ሲቸግረው ከማዘጋጃ ቤት የልደት ወረቀት ያወጣ ነበር፤ የገጠሩ ሰው ግን በምስክር ቃል ብቻ ኖረ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባና የብሔራዊ መታወቂያ አዋጅ፥ ቍጥሩ 760 የሆነው፥ በ2004 ዓ.ም. ታወጀ፤ በመላው አገርም መመዝገብ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ከፍትሐ ብሔሩ ሕግ እስከዚህ ቀን 56 ዓመት አለፈ ማለት ነው። በዚያው በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፥ ከ5 ዓመት በታች ካሉት ከ100 ሕፃናት መካከል ልደታቸው በመንግሥት መዝገብ የተጻፈላቸው 3 ያህል ብቻ ሆነው ተገኙ። በሌላው ዓለምም ሥራው ጊዜ ፈጅቷል፤ በእንግሊዝ አገር ካህናት ጥምቀትን፥ ጋብቻንና ቀብርን በየደብሩ እንዲጽፉ የታዘዙት በፈረንጅ አቈጣጠር በ1538 ሲሆን፥ መንግሥት ራሱ ልደትን መመዝገብ የጀመረው በ1837 ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልማድ እንመለስ። ክርስቲያኑ ወንድ ልጁን በ40 ቀን፥ ሴት ልጁን በ80 ቀን ክርስትና ያስነሣል፤ እስላሙም በሰባተኛው ቀን ለልጁ ስም ያወጣል። እነዚህን ቀኖች የሚስት ሰው የለም፤ አራስ ቤት ያለችው እናት፥ አያቲቱና ጎረቤቱ ሁሉ ይቈጥሯቸዋል። አዋጁም ልደትን ለማስመዝገብ የሰጠው ጊዜ 90 ቀን ነው። ስለዚህ ክርስትናውን የሚቈጥር ቤት ይህንንም አብሮ ሊቈጥር ይችላል። ነገር ግን ልብ በሉ፤ ከክርስትናው በኋላ ለወንዱ 50 ቀን ሲቀር ለሴቲቱ የሚቀራት 10 ቀን ብቻ ነው። የድግሱ ድካም እስኪወጣ፥ ገበያው እስኪደርስ ሲባል ዐሥሩ ቀን ያልፋል። ይልቁንም በዕድሜዋ ክርክር የሚነሣባት ሴት ልጅ ስለ ሆነች፥ አባት እናቲቱን ሳይጠብቅ ከክርስትናው በፊት ሄዶ ቢያስጽፋት ይሻላል። ክርስትና የተነሣ ልጅ ሁሉ ተመዝግቧል የሚመስላቸውም ሰዎች አሉ፤ እንዲህ አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ሌላ ነው፥ የመንግሥት መዝገብ ሌላ ነው።

አስተማሪዎች ይህን ቍጥር ለሒሳብ ትምህርት ሊያደርጉት ይችላሉ። በእኛ አቈጣጠር ወሩ ሁሉ 30 ቀን ስለ ሆነ 90 ቀን ማለት ልክ ሦስት ወር ነው፤ ጥር 7 ቀን ለተወለደ ሕፃን ቀኑ ሚያዝያ 7 ይሞላል። ጳጉሜን በመካከል ስትገባ ግን ይቀንሳል። ሰኔ 12 ቀን የተወለደ ሕፃን ቀኑ የሚሞላው መስከረም 12 ሳይሆን መስከረም 7 ነው፤ ጳጉሜን 6 በምትሆንበት በዘመነ ሉቃስ ደግሞ መስከረም 6 ነው። በክረምት የተወለደ ልጅ ያለው ሰው፥ ወንዝ ሞልቷልና መስቀል ይለፍ ቢል ጊዜው ያልፍበታል። በጳጉሜን የተወለደውም በጳጉሜን ይጻፍ እንጂ ወደ ነሐሴ ወይም ወደ መስከረም አይገፋ።

ለማስመዝገብ ወደ ነፋስ መውጫ፥ ወደ አርብ ገበያ፥ ወደ ወገዳ ወይም ወደ መካነ ኢየሱስ መውረድ አያሻም። መዝገቡ በቀበሌ ነው፤ በገጠርም ይህን ሥራ የሚሠራው የቀበሌው ሥራ አስኪያጅ ነው። የማስመዝገብ ግዴታ ያለባቸው አባትና እናት ናቸው፤ እነርሱ ከሌሉ አሳዳሪው፥ አሳዳሪም ከሌለ ሕፃኑን የያዘው ሰው ያስመዘግባል። ተጥሎ የተገኘ ሕፃን ቢኖር ያገኘው ሰው ለፖሊስ ማስታወቅ አለበት። ወላጆች መታወቂያቸውን ይይዛሉ፤ ሕፃኑ በጤና ጣቢያ ወይም በሆስፒታል ከተወለደ ከዚያ የተሰጠውን የልደት ማስታወቂያ ወረቀት ይጨምራሉ። በቤት የተወለደ ልጅ አይመዘገብም የሚለው ወሬ ሐሰት ነው።

ከሁሉ ይልቅ አስቀድሞ በቤት ተመካክሮ መሄድ የሚያስፈልገው ስለ ስሙ ነው። በአገራችን አንድ ሕፃን ሦስት ስም ያለው መሆኑ የታወቀ ነው። አባቱ አበበ ይለዋል፥ እናቱ ታከለ ትለዋለች፥ ካህኑ ወልደ ማርያም ብሎታል። ሰባት ዓመት ሲሆነው ትምህርት ቤት የሚያስገባው አጎቱ ደግሞ በፊቱ የመጣለትን ስም ያስጽፋል። ልጁ አድጎ ወረቀቶቹ በተሰበሰቡ ጊዜ አበበና ታከለ ሁለት ሰዎች ይሆኑበታል። ስለዚህ በየቀኑ የሚጠራበትን አንዱን ስም ቈርጦ ማስጻፍ፥ ትምህርት ቤትም በዚያው ማስገባት ነው፤ የክርስትና ስሙ በቤተ ክርስቲያን ይኑር። ከዚህ የከፋው በአሳዳጊ አያት ስም መጠራት ነው። አያት የልጅ ልጁን ሲያሳድግ ልጁ የአያቱን ስም እንደ አባት ስም አድርጎ ይማራል፤ የሚደረገውም በፍቅር ነው። ዳሩ ግን አባቱ በሞተ ጊዜ ከወንድሞቹ ጋር የእርሻውን መሬት ለመውረስ ሲቀርብ፥ በወረቀቱ ላይ የአባቱ ወንድም ሆኖ ይገኛል! መዝገቡ የሚሻው የልጁን፥ የአባቱንና የአያቱን ስም በየተራቸው ነው፤ የእናቲቱም ስም እንዲሁ ሙሉውን ይጻፋል።

ስለ ፊደልም ጥቂት ልናገር። የድሮ ትምህርት ያደገብኝ ሰው ነኝና በዚህ ነገር ግትር ነህ ይሉኛል። ኃይሌን አንዱ ጸሐፊ በ«ኃ»፥ ሌላው በ«ሀ» ይጽፈዋል፤ ሥዩም በንጉሡ «ሥ» ሄዶ በእሳቱ «ስ» ይመለሳል። ለሰሚ አንድ ነው፤ ወረቀት ለሚመረምር ሰው ግን ሁለት ሊሆን ይችላል፤ በፈረንጅ ፊደል ሲገለበጥማ ይብሳል። በጽሕፈት ቤት ባየሁት ዘመን ስሙን ካስጻፈ በኋላ «አንብበህ አሰማኝ» የሚል ባላገር እጅግ ጥቂት ነው። ይህን ለማለት ማፈር አያስፈልግም። ማንበብ የሚችል ተማሪ ልጅ በቤት ካለ አብሮ ይሂድና ከመፈረም በፊት ፊደሉን፥ ቀኑንና ዓመቱን ይመልከት። የተሳሳተ ነገር ከተገኘ ሹሙ በሕግ በተፈቀደለት ሥርዓት ያርመው እንጂ በቤት በምላጭ መፋቅ ወይም በቀለም መደራረብ ክልክል ነው።

ያለ ጋብቻ የወለደች እናት በሐፍረት ልጅዋን ሳታስመዘግብ እንዳትቀር። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 እያንዳንዱ ሕፃን ስምና ዜግነት የማግኘት መብት እንዳለው ደንግጎ፥ በጋብቻና ያለ ጋብቻ የተወለዱትን በመብት አስተካክሏል። አባትነቱን የሚመለከተው ጕዳይ በቤተ ሰብ ሕግ ይታያል፤ የሕፃኑ መመዝገብ ግን ያን ክርክር አይጠብቅም።

መመዝገብና ወረቀት ማውጣት ሁለት ነገር መሆናቸውን ብዙ ሰው አይለይም። ስሙ በመዝገቡ ላይ ከተጻፈ ልጁ ተመዝግቧል፤ ከመዝገቡ ተገልብጦ፥ ማኅተምና ፊርማ ያለበት ሆኖ ለወላጅ የሚሰጠው ደግሞ የልደት ምስክር ወረቀት ነው። ሁለቱንም ሳይጨርሱ መመለስ የኋላ ምልልስ ያመጣል። ወረቀቱ ትምህርት ቤት ለመግባት፥ ፓስፖርት ለማውጣት፥ ውርስ ለመጠየቅ ይረዳል። ልጅ ወደ መተማ ወይም ወደ ሑመራ ለሥራ ሲወሰድ፥ ወይም ደላላ የ15 ዓመቷን ልጅ 20 አድርጎ ወደ ዐረብ አገር ሊሰድድ ሲያስብ፥ የሚያጋልጠው ይኸው ወረቀት ነው። የወንጀል ሕጋችንም 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ በወንጀል አይጠይቀውም፤ ከ9 እስከ 15 ያለውንም እንደ ትልቅ ሰው አይቀጣውም፤ ነገር ግን ዕድሜው ካልታወቀ በቁመቱ ሊገመት ነው።

ወረቀቱን ከመሬቱ የይዞታ ደብተር ጋር በአንድነት፥ ጢስና አይጥ በማይደርስበት ስፍራ አስቀምጡት። ቅጅም አውጥታችሁ በሌላ ቤት አኑሩ። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ነፋስ መውጫ በደረሰ ጊዜ የሸሸው ሰው ልጁን አዝሎ ወጣ እንጂ ሣጥኑን አልተሸከመም። መዝገቡ ከአንድ የበለጠ ቅጅ ኖሮት ወደ በላይ ጽሕፈት ቤቶችም የሚላክ ስለ ሆነ፥ ወረቀቱ የጠፋበት ሰው ምትክ ሊጠይቅ ይችላል፤ ያልተመዘገበ ሰው ግን ምትክ የሚጠይቅበት ነገር የለውም።

90ው ቀን ያለፈበት ሰው ተስፋ አይቍረጥ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ጽሕፈት ቤቱ ተዘግቶ በቆየበት ቀበሌ የተወለደ ሕፃን ቢኖር ጊዜው ሊያልፍበት ይችላል። ሕጉ እስከ አንድ ዓመት የሚመጣውን የዘገየ ምዝገባ ብሎ ይቀበለዋል፤ ከዓመት በላይ የሆነውንም ይቀበለዋል፥ ነገር ግን የሚጠየቀው ማስረጃ እየበዛ ይሄዳል። ከሐምሌ 30 ቀን 2008 ዓ.ም. በፊት የተወለዳችሁ ተማሪዎችም ብዙዎቻችሁ እስካሁን በመዝገብ የላችሁም ይሆናል። ዛሬ ማታ እናታችሁን ጠይቁ፤ የየትኛው ሚካኤል ማግሥት፥ በየትኛው ዘመነ ዮሐንስ እንደ ሆነ አብራችሁ ቍጠሩና ጻፉት። የክትባት ወረቀት ካለ ፈልጉ፤ በምጥ ጊዜ በቤት የነበሩትን ጎረቤቶችና ያዋለደቻትን ሴት፥ በሕይወት ሳሉ፥ ለምስክርነት ይዛችሁ ወደ ቀበሌው ሂዱ።