የቶሪኖ ማኅበርና የሱፔርጋ ኮረብታ

በሰሜን ጣልያን በፒየሞንቴ አውራጃ፣ ፖ የሚባለው ወንዝ በሚያልፍበት ሜዳ ላይ የተሠራችውን የቶሪኖን ከተማ ከምሥራቅ በኩል ሱፔርጋ የሚባል ኮረብታ ቍልቍል ይመለከታታል። በኮረብታው ራስ ላይ ጕልላቱ ከሩቅ የሚታይ ታላቅ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ እርሱም የስእለት ሥራ ነው። በ1706 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያለው የዘመን ቍጥር፣ ለይተን ካልተናገርን በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው) የፈረንሳይ ጦር ከተማይቱን ከቦ ባስጨነቃት ጊዜ፣ የሳቮያው መስፍን ዳግማዊ ቪቶሪዮ አሜዴዎ ወደዚህ ኮረብታ ወጥቶ የጠላቱን ሰፈር ተመለከተና ድል ቢሰጠው ለእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ሊሠራ ተሳለ። ድሉም ተሰጠው። ፊሊፖ ዩቫራ የሚባለው ሐናጺ በ1717 ሕንጻውን ጀመረ፤ በ1731 ተመረቀ። በዚያው ከበባ ጊዜ ፒየትሮ ሚካ የሚባል ተራ ወታደር፣ ጠላት በምድር ውስጥ በተቈፈረው መንገድ ሾልኮ ወደ ምሽጉ ሊገባ ሲል፣ ባሩዱን ለኵሶ እርሱም ዐብሮ ሞተ። የከተማው ሰዎችም አንድ ጎዳና በስሙ ጠሩለት።

ከከበባው ሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 3 ቀን 1906፣ በዚሁ በፒየትሮ ሚካ ጎዳና ቮይት በሚባል የቢራ መጠጫ ቤት ጥቂት ሰዎች ተሰብስበው የቶሪኖን የእግር ኳስ ማኅበር አቆሙ። ለመቋቋሙ ዋና ምክንያት የሆኑት አልፍሬድ ዲክ የሚባሉ የስዊስ ተወላጅ ነበሩ። እኚህ ሰው ቀድሞ የዩቬንቱስ ማኅበር አለቃ ሳሉ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ተጣልተው የወጡ ናቸው፤ ስለዚህም የሁለቱ ማኅበሮች ጠብ ከልደት ጀምሮ ያለ ነው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ፣ በጃንዋሪ 1907፣ ሁለቱ ሲገናኙ ቶሪኖ 2 ለ1 አሸነፈ። ሙሴ ዲክ ግን በልብስ መለወጫው ክፍል ውስጥ በር ተቈልፎባቸው ጨዋታውን ሳያዩት ቀሩ እየተባለ እስከ ዛሬ ይተረታል። ማኅበሩ እንደ ሮማን ፍሬ የጠቈረ ቀይ ልብስ መረጠ፤ ምልክቱም በከተማይቱ ስም ምክንያት ኰርማ ሆነ።

የመጀመሪያው ሃያ ዓመት ብዙ የሚተረክ የለበትም። በኦክቶበር 1926 ፊላዴልፊያ በሚባለው መንገድ የራሱ ሜዳ ተመረቀለት። በ1927 የአገሩን ሻምፒዮና አሸነፈ፤ ነገር ግን ከማኅበሩ ሹማምንት አንዱ ለዩቬንቱስ ተጫዋች ጉቦ ሰጥቷል ተብሎ ስለ ተከሰሰ ማዕርጉ ተገፈፈ፤ ለሌላም ሳይሰጥ ቀረ። በሚከተለው ዓመት፣ በ1928፣ ያለ ነቀፋ አሸነፈ።

የማኅበሩ ታላቅነት የሚጀምረው በ1939 ሲኞር ፌሩቾ ኖቮ አለቅነቱን በያዙ ጊዜ ነው። እኚህ ሰው የቆዳ ዕቃ ነጋዴ ነበሩ፤ በወጣትነታቸውም ለዚሁ ማኅበር ጥቂት ተጫውተዋል። ገንዘባቸውን ሲያወጡ እንደ ነጋዴ እየመዘኑ፣ ሰው ሲመርጡ ግን ምክር እየጠየቁ ነበር። ምክር ከሚጠይቋቸውም ሰዎች አንዱ ኤርኖ ኤግሪ ኤርብሽታይን የሚባሉት የሀንጋሪ ተወላጅ አሠልጣኝ ናቸው። ኤርብሽታይን በ1938 ወደ ቶሪኖ መጥተው ሥራቸውን በጀመሩበት ዓመት፣ ኢትዮጵያውያን ግፉን በሥጋቸው የሚያውቁት የፋሽስት መንግሥት በአይሁድ ላይ የዘር ሕግ አወጣ። አይሁዳዊ ስለ ሆኑ ከነቤተ ሰባቸው ከጣልያን ለመውጣት ተገደዱ። ወደ ቡዳፔስት ተመልሰው በጦርነቱ መጨረሻ በግዳጅ ሥራ ሰፈር ታስረው ሳሉ አምልጠው ነፍሳቸውን አዳኑ። ጦርነቱ ሲያልቅ ኖቮ መልሰው ጠሯቸው። አንድ መንግሥት አባርሮት የነበረውን ሰው አንድ የቆዳ ነጋዴ ወደ ቦታው መለሰው ማለት ነው።

በ1942 ኖቮ ከቬኔዚያ ማኅበር ቫለንቲኖ ማዞላንና ኤዚዮ ሎይክን ገዙ። ማዞላ በካሳኖ ዳዳ በ1919 የተወለደ የድኻ ልጅ ነው። በሚከተለው ዓመት ቶሪኖ ሻምፒዮናውንና የጣልያንን ዋንጫ ባንድነት ወሰደ፤ ከዚያ በፊት በጣልያን ይህን ያደረገ ማኅበር አልነበረም። ከዚህ በኋላ ጦርነቱ መደበኛውን ውድድር አቋረጠው። ተጫዋቾቹ ወደ ጦር ሜዳ እንዳይወሰዱ በፊያት ፋብሪካ ሠራተኞች ተብለው ተመዘገቡ፤ ማኅበሩም በፋብሪካው ስም ይጫወት ጀመር። በ1944 በሰሜን ጣልያን በተደረገው ውድድር ይህን የመሰለ ቡድን በሚላኖ 2 ለ1 ያሸነፉት የላ ስፔዚያ ከተማ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ናቸው። ፌዴራሲዮኑ ለእነዚህ ሰዎች የክብር ማዕርግ የሰጣቸው በ2002 ነው፤ ከ58 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ሰላም ከሆነ በኋላ በ1946፣ በ1947 እና በ1948 ቶሪኖ ተከታትሎ አሸነፈ። በ1948 ባለቀው ውድድር በ40 ጨዋታ 125 ግብ አገባ፤ የአሌሳንድሪያን ማኅበር 10 ለ0 ያሸነፈውም ያን ጊዜ ነው። በፊላዴልፊያ ሜዳ ከ1943 ጀምሮ በሻምፒዮና ጨዋታ ያሸነፈው አልተገኘም። ጨዋታው ሲቀዘቅዝ አንድ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ከተመልካቾቹ መካከል ተነሥቶ መለከት ይነፋል፤ ማዞላም ያን ሲሰማ የሸሚዙን እጅጌ ይሰበስባል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ተቃራኒው ቡድን አስቀድሞ ያውቀው ነበር። በሜይ 11 ቀን 1947 ጣልያን ሀንጋሪን በቶሪኖ 3 ለ2 ስታሸንፍ ከአሥራ አንዱ ተጫዋቾች አሥሩ የዚህ ማኅበር ልጆች ነበሩ። ከዩቬንቱስ የተወሰደው በረኛው ብቻ ነው። የአንድ አገር ኃይል ሁሉ በአንድ ቤት ውስጥ መከማቸቱ የሚያስመካ ነገር ነበረ፤ አደጋውን ግን ያን ጊዜ ያሰበው ሰው አልነበረም።

በ1949 የጸደይ ወራት ለሻምፒዮናው አራት ጨዋታ ቀርቶ ሳለ ቶሪኖ በሚላኖ ከኢንተር ጋራ እኩል ለእኩል ወጣና የአራት ነጥብ ብልጫውን ጠበቀ። በዚያው ሰሞን የሊዝቦኑ የቤንፊካ ማኅበር ካፒቴን ፍራንሲስኮ ፌሬይራ የክብር ጨዋታ ስለሚደረግለት ማዞላ ከባልንጀሮቹ ጋራ እንዲመጣለት ለምኖት ነበርና ወደ ፖርቱጋል ሄዱ። በሜይ 3 ቀን ተጫወቱ፤ ቤንፊካ 4 ለ3 አሸነፈ። አልዶ ባላሪን የሚባለው ተከላካይ በረኛ የሆነውን ታናሽ ወንድሙን ዲኖን በዚህ ጕዞ ላይ እንዲወስዱለት አጥብቆ ለመነ፣ ተለመነለትም ይባላል። ሳውሮ ቶማ የሚባለው ተጫዋች ግን ጕልበቱን ታሞ ስለ ነበረ ቀረ። አለቃው ኖቮም ታመው ነበርና አልሄዱም።

በማግስቱ ሜይ 4 ቀን፣ በኢትዮጵያ አቈጣጠር ሚያዝያ 26 ቀን 1941 ዓ.ም.፣ የድል በዓል ዋዜማ በሆነው ዕለት፣ አይሮፕላናቸው ከሊዝቦን ተነሥቶ በባርሴሎና ቤንዚን ከሞላ በኋላ ወደ ቶሪኖ ገሠገሠ። በከተማይቱ ላይ ዝናብ ነበር፤ ደመናው ኮረብታውን ሸፍኖት ነበር። ከቀኑ 11 ሰዓት ገደማ አይሮፕላኑ በሱፔርጋ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ካለው የግንብ ካብ ጋራ ተጋጨ። በውስጡ የነበሩት 31 ሰዎች ሁሉ ሞቱ። ከእነዚህ 18ቱ ተጫዋቾች ናቸው፤ ሁለቱም ባላሪኖች፣ ማዞላም፣ ሎይክም ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ከዘር ሕግና ከግዳጅ ሰፈር ያመለጡት ኤርብሽታይንም፣ እንግሊዛዊው አሠልጣኝ ሌስሊ ሊቭስሊም ዐብረው ሞቱ። ሦስት ጋዜጠኞችም ነበሩበት፤ ሬናቶ ካዛልቦሬ፣ ሬናቶ ቶዛቲና ሉዊጂ ካቫሌሮ። ካዛልቦሬ ቱቶስፖርት የሚባለውን ጋዜጣ ያቋቋመ ሰው ነው።

ሬሳዎቹን ለመለየት የተጠሩት ቪቶሪዮ ፖትሶ ናቸው። እኚህ ሽማግሌ በ1934 እና በ1938 ጣልያንን የዓለም ዋንጫ አስወስደዋል፤ ያን ጊዜ ግን ከብሔራዊው ቡድን ሥራ ተሰናብተው በጋዜጣ ይጽፉ ነበር። በወጣትነታቸው ከዚህ ማኅበር ጋራ የኖሩ፣ ተጫዋቾቹንም ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቁ ነበሩ። በዝናብ ውስጥ ቆመው አንድ በአንድ በየስማቸው ለዩአቸው።

በሜይ 6 ቀን በተደረገው ቀብር ከአምስት መቶ ሺህ የሚበልጥ ሰው በከተማይቱ አደባባይ ቆመ። የፌዴራሲዮኑ አለቃ ኦቶሪኖ ባራሲ፣ ለጨዋታ እንደሚጠሩ ሁሉ የሟቾቹን ስም አንድ በአንድ ጠሩ። የቀሩትን አራት ጨዋታዎች የማኅበሩ ልጆች፣ ገና ያልበሰሉት ወጣቶች፣ ተጫወቱ። ተቃራኒዎቹም ታላላቆቻቸውን አስቀርተው ወጣቶቻቸውን አሰለፉ፤ ይህ ማንም ሳያስገድዳቸው ያደረጉት ነው። ወጣቶቹ አራቱንም አሸነፉ፤ ሻምፒዮናውም የቶሪኖ ሆነ። ከአርጀንቲና የሪቨር ፕሌት ማኅበር በዚያው ወር መጥቶ ለሟቾቹ ቤተ ሰቦች መርጃ የሚሆን ጨዋታ አደረገ። በሚከተለው ዓመት የጣልያን ቡድን ለዓለም ዋንጫ ወደ ብራዚል ሲሄድ በአይሮፕላን መሄድን ፈርቶ በመርከብ ተጓዘ፤ ከመጀመሪያውም ዙር ሳያልፍ ተመለሰ።

ማኅበሩ ከዚያ በኋላ እንደ ቀድሞው አልሆነም። በ1959 ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሁለተኛው ደረጃ ወረደ። በኦክቶበር 1967 ሕዝቡ እጅግ የሚወደው ጂጂ ሜሮኒ ጎዳና ሲሻገር መኪና ገጭቶት ሞተ፤ ዕድሜው 24 ዓመት ነበር። በ1976 በጂጂ ራዲቼ አሠልጣኝነት ሻምፒዮናውን መልሶ አገኘ፤ ከሱፔርጋ ወዲህ ያገኘው እርሱን ብቻ ነው። በ2005 በዕዳ ምክንያት ፈርሶ እንደ ገና ተቋቋመ። የፊላዴልፊያ ሜዳ ለብዙ ዓመታት ሣር በቅሎበት ፍርስራሽ ሆኖ ከቈየ በኋላ በሜይ 2017 እንደ አዲስ ተሠርቶ ተከፈተ። የማዞላ ልጅ ሳንድሮ፣ አባቱ ሲሞት የስድስት ዓመት ሕፃን የነበረው፣ አድጎ ለኢንተር ተጫወተ፤ በ1964 በአውሮፓ ዋንጫ መጨረሻ ጨዋታ በሪያል ማድሪድ ላይ ሁለት ግብ አገባ። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ በሲኞር ኖቮ ስም ፌሩቾ ተብሎ የተጠራው ነው።

በየዓመቱ ሜይ 4 ቀን የማኅበሩ ተጫዋቾች ወደ ሱፔርጋ ይወጣሉ። በቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴ ይደረጋል፤ ከዚያም የዘመኑ ካፒቴን በግንቡ ጀርባ ባለው ድንጋይ ፊት ቆሞ የ31ዱን ሰዎች ስም ያነባል፤ ሕዝቡም ባርኔጣውን አውልቆ ይሰማል። ጕልበቱን ታሞ የቀረው ሳውሮ ቶማ ባልንጀሮቹን ከ68 ዓመት በላይ ተርፎ በ92 ዓመቱ በ2018 ሞተ።