የሕዝብ ቦርዶች የግል ማኅበር፤ የቴክሳስ ትምህርት ቤት ቦርዶች ማኅበር በምን ይኖራል? ለማንስ ይናገራል?

ትምህርት በማንኛውም ኅብረተሰብ ውስጥ ከሥልጣንና ከሀብት ክፍፍል ተነጥሎ ሊታይ አይችልም። ማን ይማራል? ምን ይማራል? ወጪውንስ የሚሸፍነው ማን ነው? የሚሉት ጥያቄዎች በመሠረቱ የፖለቲካ ጥያቄዎች ናቸው። እዚህ ለማየት የምንሞክረው እነዚሁ ጥያቄዎች በአሜሪካ፣ በተለይም በቴክሳስ ግዛት፣ በምን ዓይነት ድርጅት አማካይነት ወደ ሕግ አውጪው ደጃፍ እንደሚደርሱ ነው። (በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕገ መንግሥት ውስጥ «ትምህርት» የሚል ቃል አይገኝም። በዚህም ምክንያት ትምህርትን የማደራጀት ሥልጣን የየግዛቶቹ ሆኗል። ቴክሳስ ይህንኑ ሥልጣን ከአንድ ሺህ በላይ ለሚሆኑ የትምህርት ዲስትሪክቶች አከፋፍላ፣ አምስት ሚሊዮን ተኩል ገደማ ተማሪዎችን በእነርሱ አማካይነት ታስተምራለች። በእያንዳንዱ ዲስትሪክት ላይ በነዋሪው የተመረጠ፣ ብዙውን ጊዜ ሰባት አባላት ያሉት ቦርድ ይቀመጣል። አባላቱ ደመወዝ የላቸውም። ሆኖም ዋናውን የትምህርት ኃላፊ ይቀጥራሉ፣ በጀት ያጸድቃሉ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የንብረት ግብር መጣኔን ይወስናሉ። አንባቢ ይህን ቦርድ በአገራችን ከሚያውቀው የትምህርት ቤት ኮሚቴ ጋር እንዳያመሳስለው ያስፈልጋል፤ ግብር የመጣል ሥልጣን የያዘ አካል ሁሉ መንግሥት ነውና።

ታዲያ እነዚህ ትናንሽ መንግሥታት ለምን ማኅበር አስፈለጋቸው? ከአንዱ ወገን ጥቂት ደርዘን ተማሪዎች ብቻ ያሉት የገጠር ዲስትሪክት አለ፤ ከሌላው ወገን እንደ ሂዩስተን ያለ ግዙፍ ከተማ። በገጠሩ ቦርድ ውስጥ የሚቀመጠው ከብት አርቢ ወይም ባለ ሱቅ ቀኑን በሥራው ውሎ ማታ ወደ ስብሰባ ይመጣል። የሕግ ባለሙያ የለውም፤ የመድን ውል አንብቦ የሚያስረዳውም የለም። በ1949 የተመሠረተውና መቀመጫውን በዋና ከተማይቱ በኦስቲን ያደረገው የቴክሳስ ትምህርት ቤት ቦርዶች ማኅበር የተነሣው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ሕግ በቦርድ አባላት ላይ የጣለውን የሥልጠና ግዴታ የሚያሟሉበትን ትምህርት ይሰጣል፤ የሕግ ምክር ይሰጣል፤ በሥራቸው በገቡበት ሙግትም ይረዳቸዋል።

ሊሰመርበት የሚገባው ግን የገቢው ምንጭ ነው። ማኅበር ሲባል ከመዋጮ የሚኖር ይመስለናል። የዚህኛው መዋጮ ከጠቅላላ ገቢው ውስጥ አነስተኛውን ድርሻ የሚይዝ ሲሆን፣ ትልቁ ገቢ የሚገኘው ከአገልግሎት ሽያጭ ነው። ዲስትሪክቶች ሕንፃዎቻቸውን ከማዕበልና ከበረዶ ጉዳት፣ ሠራተኞቻቸውን ከሥራ ላይ አደጋ የሚያስጠብቁበት የጋራ የመድን ፈንድ አለ። ፈንዱ በሕግ ራሱን የቻለ ቢሆንም የሚያስተዳድረው ማኅበሩ ነው፤ ለአስተዳደሩም ክፍያ ይቀበላል። «ባይቦርድ» በሚባለው የጋራ ግዢ አማካይነት አውቶቡስ፣ የቢሮ ዕቃና የመሳሰለው ሁሉ በአንድ ጨረታ ይገኛል፤ ለማኅበሩ የአገልግሎት ዋጋ የሚከፍሉት ሻጮቹ ናቸው። «ሎን ስታር» የተባለው ፈንድ ደግሞ ዲስትሪክቶች ለጊዜው የማይነኩትን ገንዘብ በአጭር ጊዜ ወለድ የሚያስቀምጡበት ነው። ነገሩ ከሩቅ ሲታይ የኅብረት ሥራ ማኅበር ይመስላል፤ በቅርብ ሲታይ ደግሞ የንግድ ቤት መልክ አለው። በአንድ ጊዜ ሁለቱንም ነው።

ከሁሉም ይበልጥ ተፅዕኖ ያለው፣ ሆኖም ከሁሉም ይበልጥ የተሸሸገው አገልግሎት የመመሪያ ጥራዝ ዝግጅት ነው። በቴክሳስ ያሉት ዲስትሪክቶች፣ ከጥቂቶቹ በስተቀር፣ የውስጥ መመሪያቸውን የሚያገኙት ከማኅበሩ ነው። ጥራዙ ሁለት ክፍል አለው፤ አንደኛው የግዛቱና የፌዴራሉ ሕግ የሚያዘውን ያሰፍራል፣ ሁለተኛው ቦርዱ ራሱ የሚወስነውን። የሕግ አውጪው ምክር ቤት አዲስ ሕግ ባወጣ ቁጥር ማኅበሩ የተሻሻለውን ገጽ አዘጋጅቶ ይልካል፤ ቦርዱም በስብሰባው ላይ እጁን አውጥቶ ያጸድቃል። ቃል ሳይለውጥ የሚያጸድቀው ብዙ ነው። «የአካባቢ ውሳኔ» የሚባለው ነገር ረቂቁ ኦስቲን ውስጥ ተጽፎ ከሆነ አካባቢያዊነቱ የት ላይ ነው? ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። መልሱ ቀላል አይደለም። ያ ከብት አርቢ ረቂቁ ባይላክለት ኖሮ የሚጽፈው መመሪያ ሕግን ይጥስ፣ ዲስትሪክቱንም ለክስ ያጋልጥ ነበር።

ወደ ማግባባቱ ሥራ እንለፍ። የቴክሳስ ምክር ቤት በመደበኛነት የሚሰበሰበው በሁለት ዓመት አንዴ፣ በጎዶሎ ዓመት፣ ለ140 ቀናት ብቻ ነው። ማኅበሩ አቋሙን የሚቀርጸው ከዚያ በፊት ነው። ቦርዶቹ በየአካባቢያቸው ተሰብስበው ቅድሚያ የሚሰጡትን ይናገራሉ፤ ሐሳቡ ተጠናቅሮ እያንዳንዱ ቦርድ ወኪል ሊልክበት ለሚችለው ዓመታዊ የተወካዮች ጉባኤ ይቀርባል። ጉባኤው ያጸደቀውን ይዘው የማኅበሩ ሠራተኞች ወደ ምክር ቤቱ ይሄዳሉ።

ክርክሩ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ቦርዶቹ የሚከፍሉት የግብር ከፋዩን ገንዘብ ነው። እንግዲህ ግብር ከፋዩ ሊቃወመው ለሚችለው አቋም ገንዘቡ ለምን ይውላል? እንደ ቴክሳስ ፐብሊክ ፖሊሲ ፋውንዴሽን ያሉ ወግ አጥባቂ ተቋሞች ይህንኑ አንሥተው ክልከላ እንዲደነገግ ሲወተውቱ ቆይተዋል። በ2019 ሴኔቱ ያጸደቀው ረቂቅ በተወካዮች ምክር ቤት ወደቀ፤ በ2021ም ሌላ ረቂቅ ከሴኔቱ አልፎ እዚያው ቀረ። ጥያቄው ሐሰት አይደለም። ግን ግማሽ ጥያቄ ነው። የቴክሳስ ሕግ ዲስትሪክቶች የሕዝብን ገንዘብ ለምርጫ ቅስቀሳ እንዳያውሉ ሲከለክል፣ ባለ ጸጋ ግለሰብ ለአገረ ገዥ እጩ በሚሰጠው ገንዘብ ላይ ግን ጣሪያ አላስቀመጠም። በ2023 መጨረሻ ጄፍ ያስ የተባሉት የፔንሲልቬኒያ ባለ ሀብት ለገዥው ለግሬግ አቦት ስድስት ሚሊዮን ዶላር ሰጡ። የቦርዶቹ አፍ ቢዘጋ የመድረኩ ጸጥታ ለማን ይጠቅም ነበር?

ይሁንና የማኅበሩ ድምፅ አንድ ወጥ ነው ማለት አይደለም። አባላቱ ሀብታሞችም ድሆችም ናቸውና። በ1968 በሳን አንቶኒዮ በኤጅውድ ዲስትሪክት ተማሪዎች ከክፍል ወጥተው ሰልፍ አደረጉ፤ ድሜትሪዮ ሮድሪጌዝና ሌሎች ወላጆች ክስ መሠረቱ። በ1973 የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አምስት ለአራት በሆነ ድምፅ ፈረደባቸው። በ1989 ግን የቴክሳስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ክስ የግዛቱን አከፋፈል የራሷን ሕገ መንግሥት የሚጥስ ነው ሲል በሙሉ ድምፅ ወሰነ። በ1993 የወጣው ሕግ ከሀብታም ዲስትሪክቶች ግብር ቀንሶ ለድሆቹ እንዲውል አደረገ። በዚህ ጉዳይ ሰጪውና ተቀባዩ በአንድ ጉባኤ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ማኅበሩ የሚስማማበት ነገር ሁልጊዜ «ግዛቱ ጠቅላላውን ገንዘብ ይጨምር» የሚለው መሆኑ አያስደንቅም፤ ከዚያ ያለፈው ቤቱን ይከፍላልና።

በ2021 መስከረም ብሔራዊው የቦርዶች ማኅበር በስብሰባዎች ላይ የሚደርሰውን ዛቻ ከአገር ውስጥ ሽብር ጋር አመሳስሎ ለፕሬዚዳንት ባይደን ጻፈ፤ በወሩ ስለ አባባሉ ይቅርታ ቢጠይቅም ብዙ የግዛት ማኅበራት ለቀቁት። የቴክሳሱም በ2022 ወጣ።

ትልቁ ትግል ግን የሕዝብ ገንዘብ ለግል ትምህርት ቤት ክፍያ ይዋል የሚለው ነበር። ማኅበሩ አጥብቆ ተቃወመ። በኅዳር 2023 ከገዥው ፓርቲ የሆኑ 21 ተወካዮች፣ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ፣ ከተቃዋሚዎቹ ጋር አብረው ሐሳቡን ጣሉት፤ በአውራጃቸው ትምህርት ቤቱ ትልቁ ቀጣሪ ነው። አገረ ገዥው በ2024 የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ላይ ዘመቱባቸው፣ ብዙዎቹም ወንበራቸውን አጡ። በግንቦት 2025 አቦት አንድ ቢሊዮን ዶላር የተመደበለትን ሕግ ፈረሙ። በቀጣዩ ወር በተፈረመው የትምህርት በጀት ሕግ ደግሞ ከ2019 ጀምሮ 6,160 ዶላር ላይ ቆሞ የነበረው የአንድ ተማሪ መሠረታዊ ድልድል በ55 ዶላር ከፍ አለ።