ቁልቁለት ለምን ጭን ያማል?

ስሜን ተራሮች ላይ ቧሂትን የወጣ ሰው አንድ ነገር ይገርመዋል። ሲወጣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ፣ ልቡ ድው ድው ይላል። ሲወርድ ግን «እፎይ፣ ተገላገልኩ» ይላል። በማግስቱ ታዲያ ጭኑ ከመኝታው አላስነሳ ይለዋል! ቀላሉ ቁልቁለቱ አልነበረም እንዴ?

መልሱ ጡንቻችን ውስጥ ነው። ሰውነታችን ሦስት ዓይነት የጡንቻ ሕብረ ሕዋስ አለው፤ በዚያ መንገድ ላይ ሦስቱም ሥራ ላይ ናቸው።

አንደኛው የአጥንት ጡንቻ ነው። ከ600 በላይ ሲሆኑ የምናዛቸው በፈቃዳችን ነው፤ ተራራ ስንወጣም፣ እስክስታ ስንወርድም። ሕዋሶቹ ረጃጅም ክሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ክር ብዙ ኒውክለስ አለው። በማይክሮስኮፕ ሲታዩ እንደ ጥለት መስመር መስመር አላቸው። መስመሩ የሚፈጠረው አክቲን እና ማዮሲን የተባሉ ፕሮቲኖች በሥርዓት ስለተደረደሩ ነው። የነርቭ ትእዛዝ ሲደርስ ክሩ ውስጥ ካልሲየም ይለቀቃል፤ ማዮሲን አክቲንን እየያዘ ይስበዋል፤ ክሩም ያጥራል።

ሁለተኛው የልብ ጡንቻ ነው። እሱም መስመር አለው፤ ሕዋሶቹ ግን ቅርንጫፍ ያላቸውና እርስ በርስ የተያያዙ ስለሆኑ አብረው ይመታሉ። የእኛን ትእዛዝ አይጠብቅም። ቧሂት ከ4,400 ሜትር በላይ ስለሆነ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከምናገኘው 60 በመቶ ገደማ ነው። ልብ የሚፈጥነው ይህን ጉድለት ለማካካስ ነው።

ሦስተኛው ለስላሳ ጡንቻ ነው፤ በጨጓራ፣ በአንጀትና በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ ይገኛል። ሕዋሱ እንደ እንዝርት ጫፍና ጫፉ የቀጠነ፣ መስመር የሌለው፣ ባለ አንድ ኒውክለስ ነው። መንገድ ላይ የበላችሁትን በሶ ቀስ እያለ የሚገፋው እሱ ነው።

ሦስቱም አራት ባሕርይ ይጋራሉ፦ ሲነቃቁ መልስ ይሰጣሉ፣ ይኮማተራሉ፣ ይለጠጣሉ፣ ወደ ቀድሞ ቅርጻቸውም ይመለሳሉ።

አሁን ወደ ቁልቁለቱ እንመለስ። ስትወጡ የጭናችሁ ጡንቻ እያጠረ ይገፋችኋል። ስትወርዱ ግን እየሳበም ይለጠጣል። ባልዲ በገመድ ወደ ጉድጓድ ስታወርዱ ገመዱን ትለቃላችሁ፣ እንዳያመልጣችሁ ደግሞ ጨበጥ ታደርጋላችሁ አይደል? ልክ እንደዚያ ነው። ያልለመደ ክር በዚህ ጊዜ በጣም ጥቃቅን ጉዳት ይደርስበታል። «አሲድ ተጠራቅሞ ነው» የሚባለው ልክ አይደለም፤ ላክቲክ አሲድ ሥራው ካበቃ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል።

ደግነቱ፣ የአጥንት ጡንቻ ራሱን ይጠግናል፤ በቀጣዩ ጉዞ ሕመሙ ይቀንሳል። የልብ ጡንቻ ግን እንዲህ አይደለም። ከሞተ የሚተካው በአብዛኛው ጠባሳ ነው። ስለዚህ ጭናችሁን ካመማችሁ ዕረፍት ይበቃል። ተራራ ላይ ደረታችሁን ከጨመቃችሁ ግን «ድካም ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ ቁሙ፣ አብሯችሁ ላለው ሰው ተናገሩ፣ በቶሎም ሕክምና ፈልጉ።